«ባንኩ የማን ነው?» ከማለታችን በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተነሥቶ መልስ ሳልሰጥበት ያለፈ አንድ ክርክር ነው። ክርክሩ ስለ ነገረ ሃይማኖት ወይም ስለ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ስለ ባንክ ነበር። ሆኖም ስለ ባንክ ተጀምሮ ስለ ሰው ተፈጸመ፤ የቆሰለውም ሰው ከመካከላችን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሕፃናት መማሪያ ክፍል ማሠሪያ ከምእመናን የተሰበሰበውን ገንዘብ የምናስቀምጥበት የባንክ ሒሳብ መክፈት ነበረብን። ልማት ክፍሉ በልደታ አካባቢ ቅርንጫፍ ያላቸውን ሦስት ባንኮች አነጋግሮ ያገኘውን ለጉባኤ አቀረበ። ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ የበለጠ ቃል ገብቷል፤ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ የድምፅ ማጉያ መሣሪያ ሊሰጥ፣ በግላቸው ሒሳብ ለሚከፍቱ አባላት ደግሞ መኪና የሚያስገኝ የዕጣ ቁጥር ሊያድል። ይህ እንደ ተነበበ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «ይህ የእነ እገሌ ባንክ ነው። በወገኔ ላይ የሚደረገውን እያየሁ አንዲት ሳንቲም እዚያ አላስገባም፤ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝም» አለ። ሌላው ወዲያው፣ «ብር ዘር የለውም፤ የሚሸልመን እያለ ለምን ሌላ እንፈልጋለን?» ብሎ መለሰለት። ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ፤ ድምፅም ከፍ ከፍ አለ።

በዚያ ጉባኤ በኋለኛው ወንበር አንዲት የመዝሙር ክፍል እኅታችን ተቀምጣ ነበር። ይህች እኅት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በዚያው ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ገንዘብ ስትቀበልና ስትከፍል የምትውል ሠራተኛ ናት። ብዙዎቻችን ይህን እናውቅ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ማንም አላሰባት። «የእነ እገሌ» የሚለው ቃል ሦስተኛ ጊዜ ሲነገር ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በመዝሙር ጥናት ላይ አልተገኘችም።

ጉባኤውን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ሰዓቱ መሽቷል ብዬ ውይይቱን በይደር ዘጋሁት። ነገር ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ በከተማችን የሚኖር ወጣት ደመወዙ የሚገባበትን ባንክ ሲመርጥ፣ በስልኩ ብድር ሲወስድ፣ ባሕር ማዶ ካለ ዘመዱ ገንዘብ ሲቀበል ይህን ጥያቄ በልቡ ያነሣዋል። ባለቤቶቹን ወይም አቋማቸውን የማልወደው ባንክ የተሻለ ጥቅም ቢሰጠኝ ልቀበል ወይስ ልተው?

«የእነ እገሌ» የሚባለው ከየት መጣ?

ከልደታ ተነሥቶ በሜክሲኮ በኩል ወደ ሠንጋ ተራ የሚሄድ ሰው የባንኮችን ፉክክር በዓይኑ ያየዋል። ንብ፣ ኅብረት፣ ዘመን፣ አለፍ ሲልም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ረጃጅም ሕንፃዎቻቸውን አቁመዋል። የሕንፃው ቁመት ግን ስለ ባለቤቱ ብዙ አይነግረንም፤ ታሪኩ ይነግረናል።

በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመና በውጭ ሰዎች የሚመራ ነበር። በዚያ ዘመን «ባንኩ የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ኢትዮጵያዊ በቂ ምክንያት ነበረው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ያ ባንክ ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለያይተው ሥራ ጀመሩ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የግል ባንኮችን ወረሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች በሩን ከፈተ፤ በማግሥቱም በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ኅብረት፣ ንብ ተከተሉ። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ የአማራ ባንክ ከ100 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖችን ይዞ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

አክሲዮን የሚሸጠው በመተማመን ነው። ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚያምነው የሚያውቀውን ነው፤ የአገሩን ልጅ፣ የሥራ ባልደረባውን፣ ቋንቋውን የሚናገረውን። ስለዚህ አንዳንዶቹ ባንኮች ሲመሠረቱ ከአንድ አካባቢ የመጡ ሰዎች በርከት ብለው ተገኙባቸው፤ ስማቸውም ከወንዝ፣ ከተራራ፣ ከክልል ተወሰደ። «የእነ እገሌ ባንክ» የሚለው አነጋገር ከዚህ የበቀለ ነው። ግማሽ እውነት አለበት፤ ይህን መካድ አይገባም። የቦርድ አባላት ምርጫ፣ የብድር አሰጣጥ፣ ከፖለቲካ ሰዎች ጋር ያለ ቅርበት፤ እነዚህ ሁሉ ሊመረመሩ የሚገባቸው ጉዳዮች ናቸው።

ሌላው ግማሽ ግን ይረሳል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ከመንግሥት በቀር አንድ ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከመቶ 5 በላይ እንዳይዝ ወስኖ ነበር። ባንኩ የሺዎች ነው፤ ከእነዚያም ሺዎች መካከል የእኛ አጥቢያ ምእመናን አሉበት። ገንዘቡ ደግሞ ከባለአክሲዮኖቹ ይልቅ የአስቀማጮቹ ነው። ጉሊት የምትቸረችር እናት፣ ጡረተኛ፣ መምህር፣ የታክሲ ረዳት ያስቀመጡት ነው። ባንክ ገንዘብ የምናስቀምጥ ሰዎች ባለቤቶች አይደለንም፤ ለባንኩ አበዳሪዎች ነን። ያበደርነውን ባንኩ መልሶ ለሌላ ያበድረዋል። ስለዚህ አስተዋይ አስቀማጭ ሊጠይቅ የሚገባው ትልቁ ጥያቄ «ገንዘቤ ምን ይሠራበታል?» የሚለው ነው። «የመሥራቾቹ አያቶች ከየት ናቸው?» የሚለው ከዚያ በብዙ ያነሰ ጥያቄ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮችም በር ከፍቷል። ነገ በሜክሲኮ አደባባይ የሌላ አገር ባንክ ስም ተጽፎ ስናይ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሣል። ሚዛናችንን ዛሬ ካላስተካከልን ነገም በስሜት እንመዝናለን።

ሽልማቱ የማን ነው?

ወደ ሁለተኛው ወንድማችን እንለፍ። «የሚሸልመን እያለ» ያለው እርሱ በዘር ስላላየ ትክክል የተናገረ ይመስላል። ግን እርሱም አንድ ነገር አልጠየቀም፤ ሽልማቱ ከየት እንደሚመጣ።

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ አድርጎ ነበር። 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዚህ ስሌት በዓመቱ 70 ብር ያገኛል። ባንኩ ያንኑ ገንዘብ ሲያበድር ከዚህ በእጅጉ የሚበልጥ ወለድ ያስከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 ባለፈበት ወቅት ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ በመጨረሻው ከ1,300 ብር በላይ ያወጣ ነበር፤ አስቀማጩ ግን በእጁ ያለው 1,070 ብር ነው። እንግዲህ በዕጣ የሚሰጠው መኪና ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም፤ የባንኩ ሰዎችም ከኪሳቸው አላዋጡትም። ለሁላችን ቢከፋፈል ጥቂት ብር ይሆን የነበረው ተሰብስቦ ለአንድ ሰው ሲሰጥ ነው መኪና የሚሆነው። የድምፅ ማጉያውም እንዲሁ ነው። ስጦታ ይባላል እንጂ ዋጋው በእኛው ገንዘብ ውስጥ አለ።

ይህን ስል የዕጣ ቁጠባ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ቁማርተኛ ያስያዘውን ያጣል፤ በዕጣ ቁጠባ ግን ዋናው ገንዘብ አይጠፋም። ለመቆጠብ የሚሰንፍ ሰው በዚህ ምክንያት መቆጠብ ቢለምድ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ሽልማቱ የማየት ኃይላችንን ሲወስድ ነው። አባቶቻችን «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚሉት ለዚህ ነው። የሒሳብ ማንቀሳቀሻ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡን በፈለግን ጊዜ ማውጣት እንችል እንደሆነ፣ ባንኩ ቅሬታ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚመልስ ሳንጠይቅ የመኪናውን ፎቶግራፍ አይተን ከፈረምን፣ የመረጠልን ምኞታችን ነው።

በስልክ የሚሰጥ ብድርም ከዚሁ ይቆጠራል። በአገራችን የክሬዲት ካርድ ልማድ እምብዛም የለም፤ ለእርሱ የሚቀርበው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በቴሌብር የተጀመረውን «እንደኪሴ»ን የመሰለው ነው፤ ሒሳብ ሲያጥር ጎደሎውን ሞልቶ ያስከፍላል። በችግር ጊዜ ይረዳል። ግን ስሙ እንደሚያስመስለው የራስ ኪስ አይደለም፤ ከነክፍያው የሚመለስ ዕዳ ነው።

በአሜሪካ የምትኖር አንዲት እኅታችን ይህንኑ ክርክር ሰምታ የራሷን ጥያቄ ላከችልኝ። በክሬዲት ካርድ በገዛች ቁጥር ነጥብ ታገኛለች፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ወደ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። ባንኩ በፖለቲካ የሚደግፈውን ግን አትወድም። «እናቴን የማይበት ቲኬት ነውና ልተወው ከበደኝ፤ ብይዘውም ሕሊናዬ ይወቅሰኛል» አለችኝ። እኔ የጠየቅኋት አስቀድሞ ነጥቡን ማን እንደሚከፍለው ነው። የሚከፈለው ነጋዴው ለእያንዳንዱ ግብይት ለካርድ ድርጅቶቹና ለባንኩ ከሚከፍለው፣ እንዲሁም የወሩን ዕዳ በወሩ መጨረሻ ከፍለው መጨረስ ያልቻሉ ሰዎች ከሚከፍሉት ከባድ ወለድ ነው። ነጋዴው ደግሞ ያን ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚጨምረው ካርድ የሌለው ድኻም በከፊል ይከፍለዋል። እኅታችን ይህን ስትሰማ፣ «እኔ የተጨነቅሁት ባንኩ ለማን እንደሚሰጥ ነበር፤ ከማን እንደሚወስድ አስቤ አላውቅም» አለች።

ሕሊና ነው ወይስ ቂም?

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ምዕራፍ ይህን የሚመስል ጉዳይ አለ። በከተማው ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ለጣዖት ተሠውቶ ሊሆን ይችላል። ክርስቲያኑ ምን ያድርግ? ሐዋርያው በገበያ የተሸጠውን ሁሉ እየመረመሩ መጨነቅ እንደማይገባ ይናገራል። ነገር ግን አንድ ሰው ቀርቦ ይህ የተሠዋ ነው ብሎ ቢያስታውቅህ፣ ስለዚያ ሰው ሕሊና ብለህ ተው ይላል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በዓለም ገበያ የምንኖር ሰዎች እያንዳንዱን ሳንቲም ከየት እንደመጣ አጥርተን ልንጨርስ አንችልም። ሁለተኛ፣ ቢሆንም «አያገባኝም» ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱም በእኛ ምርጫ የሚሰናከል ወንድም አለ።

ታዲያ ባንክን ስንተው በእውነተኛ ሕሊና ይሁን ወይስ ሃይማኖት በለበሰ ቂም እንዴት እንለያለን? እኔ ሦስት ጥያቄዎች ይረዱናል እላለሁ።

የመጀመሪያው፣ የምቃወመው ሥራን ነው ወይስ ሰውን? ሠለስቱ ደቂቅን እናስብ። በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ ተሾመው የንጉሡን አገር ያገለግሉ ነበር፤ ንጉሡ ለምስሉ ስገዱ ሲላቸው ግን እሳቱን መረጡ። ባቢሎናዊ መሆኑን አልተቃወሙም፤ ስግደቱን ተቃወሙ። በቅርቡ ታሪክም ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት ባርክሌይስ ባንክን አንጠቀምም አሉ። ምክንያታቸው ባንኩ በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ያለው ትልቅ ንግድ ነበር። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ከዚያ አገር ውጣ። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1986 ድርሻውን ሸጦ ሲወጣ ጥያቄው ተመለሰ። እውነተኛ ተቃውሞ መጨረሻ አለው፤ ሥራው ሲታረም ያበቃል። ሰውን በመጥላት ላይ የቆመ ተቃውሞ ግን ባንኩ ምን ቢያደርግ አያበቃም፤ ሰውየው ዘሩን ሊለውጥ አይችልምና።

ሁለተኛው፣ በአንድ መስፈሪያ እሰፍራለሁን? የማወግዘውን ሥራ «የእኛ» የምለው ባንክ ቢሠራው እንዲሁ እተወዋለሁ? እዚህ ላይ ራሳችንን ልንወቅስ ይገባል። በ325 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ17ኛው ቀኖናው አራጣ የሚያበድር ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ወስኗል፤ ቅዱስ ባስልዮስም በድኻው ችግር የሚያተርፉትን አበዳሪዎች በስብከቱ አጥብቆ ገሥጿል። አባቶች የመረመሩት ሥራውን ነበር። እኛ ግን ባንክ ስንመርጥ ስለ ዘር ስንከራከር እናመሻለን እንጂ «ይህ ባንክ ከድኻ ተበዳሪ ጋር እንዴት ነው?» ብለን ስንጠይቅ አልሰማሁም። የሙስሊም ወገኖቻችን ጥያቄ በወለድ ላይ ያተኮረ ስለነበር በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። እምነታችን ቢለይም፣ ጥያቄን ከሥራ ላይ ማንሣት ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ እኔን ምን አስከፈለኝ? ሕሊና አስቀድሞ የሚያስከፍለው ባለቤቱን ነው። ነጥቡን፣ ዕጣውን፣ ቅርብ ቅርንጫፉን ትቶ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ሕሊናው እንደሠራ አምናለሁ። ሽልማቱን በግሉ ስልክ ተቀብሎ በጉባኤ ግን ሌላውን «ከሃዲ» የሚል ሰው ግን ዋጋውን በሌላ ሰው ላይ ጭኗል። በጌታችን ፊት ስለ ግብር የጠየቁት ሰዎች እንዲህ ነበሩ። ለቄሣር ግብር መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ሊያጠምዱት መጡ፤ ገንዘቡን አሳዩኝ ሲላቸው ግን የቄሣር መልክ ያለበት ዲናር ከእነርሱ ዘንድ ተገኘ። በእጃቸው ይዘውት ነበር የሚከራከሩበት። ጌታችን የዲናሩ መልክ የማን እንደሆነ ጠየቃቸው። እኛም «ባንኩ የማን ነው?» ስንል የሰውየው መልክ የማን እንደሆነ መርሳት የለብንም። በመስኮቱ ማዶ የተቀመጠችው እኅት የእግዚአብሔር መልክ አለባት።

ይህ ማለት ዝም እንበል ማለት ነውን?

አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያውስ ባንክ ምንም ቢያደርግ አንተወውም ማለትህ ነው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። አንድ ባንክ ደንበኛን በቋንቋው ወይም በእምነቱ ለይቶ ሲያንገላታ ካየህ፣ ድኻውን በማይገባው ክፍያ ሲያራቁት ካየህ፣ ገንዘብህ ለግፍ እንደሚውል በማስረጃ ካወቅህ፣ ተወው። መኪናም ቢያወጣልህ ተወው። ለምን እንደተውኸውም በትሕትና ጽፈህ ለሥራ አስኪያጁ ስጥ፤ ያልተነገረው ሰው አይታረምምና። ሊጠየቅ የሚገባው ግን በወሬ የሰማኸው ሳይሆን ያረጋገጥኸው ነው። በየስልኩ የሚዞረውን «ይህን ባንክ አትጠቀሙ» የሚል መልእክት ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሳናውቅ ማስተላለፍ በሐሰት ከመመስከር ብዙ አይርቅም።

ሌላም ሰው አለ፤ ስለ እርሱ በጥንቃቄ መናገር ይገባል። ባለፉት ዓመታት በተደረጉት ጦርነቶችና ግጭቶች ልጁን፣ ቤቱን፣ ቀዬውን ያጣ ወገናችን አንድን ስም በግድግዳ ላይ ሲያይ ቁስሉ ያመረቅዝ ይሆናል። «እዚያ በር መግባት አልችልም» የምትል ሐዘንተኛ እናት ብትኖር የአክሲዮን ሕግ ልናስተምራት አንሂድ። ሐዋርያው ስለ ደካማው ሕሊና የሚያዝን ልብ እንዲኖረን ያስተማረው ለእንዲህ ያለው ነው። ሌላ ባንክ ትጠቀም፤ እኛም አብረናት እንሂድ። ልንከለክላት የሚገባን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐዘኗን ሌሎች ነጥቀው ለጥላቻ መቀስቀሻ እንዳያደርጉት። ያቺ እናት ከሁሉ በፊት የምትፈልገው መጽናናትን ነውና።

የግል ገንዘብና የጋራ ገንዘብም ይለያያሉ። በግል ሒሳቡ እያንዳንዱ ሰው ነፃ ነው፤ ሕሊናው እንደመራው ይምረጥ፤ ማንም ደብተሩን አይመርምርበት። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ግን የመበለቲቱም፣ የባለጠጋውም፣ ከየብሔረሰቡ የመጣው ምእመንም ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ቂም ሊመራ አይገባም፤ በስጦታም ሊሸጥ አይገባም። ባንኮች ያቀረቡትን በጽሑፍ እንቀበል፣ ክፍያውንና ወለዱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ፣ ከሦስት ባላነሱ ፈራሚዎች ይንቀሳቀስ፣ ለአባላት በግል የሚሰጥ ጥቅማ ጥቅም ከውሳኔው ይለይ። የተመረጠበትም ምክንያት ማንም ሲያነበው በማያፍርበት ቃል በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። «የእነ እገሌ ስለሆነ» የሚል ምክንያት በወረቀት ለመጻፍ እጃችን ካፈረ፣ በአፋችንም ልንናገረው አይገባም ነበር።

ምን አደረግን?

በይደር የተዘጋው ጉባኤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። በዚያ መካከል ከአንዲት የመዝሙር ክፍል አገልጋይ ጋር ሆነን እኅታችንን ቤቷ ድረስ ሄደን ጠየቅናት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። «በመስኮቱ ፊት የሚሰለፈውን ሰው ሁሉ እኩል ነው የማስተናግደው፤ ከዚህ ሰፈር የሚመጣውን ደግሞ በስሙ እጠራዋለሁ። እኔ የምሠራው እንጀራ ለመብላት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስመጣ የእነ እገሌ መሆኔን ከወንድሜ አፍ የምሰማ አልመሰለኝም ነበር» ብቻ አለችን። ይህን ንግግር ለጉባኤው በፈቃዷ አነበብኩት።

ያ ወንድማችን ተነሣ። ስለ ባንኩ ያለው አስተያየት እንዳልተለወጠ፣ የግል ገንዘቡንም እዚያ እንደማያስቀምጥ ተናገረ። ይህ መብቱ ነው፤ ማንም አልተከራከረውም። «ግን ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ያልኩት ስሕተት ነበር፤ ያልፈቀደልኝ ንዴቴ ነው» አለ። ከጉባኤው በኋላም ወደ እኅታችን ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። እኔ ባለሁበት «እግዚአብሔር ይፍታህ» አላለችውም፤ «እሺ» ነው ያለችው። በማግሥቱ እሑድ ግን ከመዝሙረኞቹ መካከል ቆማ አየኋት።

የድምፅ ማጉያውን አልተቀበልንም። ሦስቱን ባንኮች ያለ ስጦታ እንደገና እንዲያቀርቡ ጠይቀን፣ በጽሑፍ ካቀረቡት የተሻለውን መረጥን። የትኛው እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ብጽፈው ግማሹ አንባቢ ሊደሰት፣ ግማሹ ሊያዝን ነውና፤ ሁለቱም ደግሞ ነገሩን እንዳልያዙት ይሆናል። መሣሪያው ዛሬም አሮጌ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በትምህርት መካከል ይጮኻል። በልደታ ለማርያም በዓል ቀን፣ ግንቦት 1፣ ለመግዣው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረናል።

የተወደዳችሁ፤ ባንኮች ይመጣሉ፣ ይወረሳሉ፣ ስማቸው ይለወጣል፤ ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ ያየነው ይህንኑ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድማማችነት ግን በአንድ ሒሳብ መክፈቻ ቅጽ ምክንያት የሚፈርስ መሆን የለበትም። የባንክ ወረፋ ላይ ስትቆሙ በስስት ወይም በቂም ሳይሆን በጥያቄ ቁሙ። ይህ ገንዘብ ምን ይሠራበታል? እኔስ ይህን ስመርጥ ማን ይጎዳል? ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ሰው ደግሞ ሰላምታ ሳትሰጡት አትለፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።